ነጩን መርምራችሁ በጥቁሩ አትፍረዱ

ለሶክጆንግ ወረዳ ግብርና ቢሮ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ታክ ዎንጂን
ሶክጆንግ

ቀን፦ ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ
አመልካች፦ ፒዮ ዳሶም፣ የኡንጎክ መንደር ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የዱንጉሌ ሥር ናሙና እንደገና እንዲወሰድልንና እስከዚያም ነገ ጠዋት ወደ ተረተራችን የሚላከው ማሽን እንዲቆም ስለመጠየቅ

አልረገጥኩትም። የቢሮዎን በር በእግሬ ከፈትኩት እንጂ አልረገጥኩትም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በአንድ እጄ የምርመራውን ውጤት ይዣለሁ፣ በሌላው ቦርሳዬን፣ በሩ ደግሞ ከባድ ነው፤ በምን ልክፈተው? በጥርሴ? ጥበቃው "ይቺ ልጅ በር ሰብራ ገባች" ብሎ ነግሮዎት ከሆነ ወጣ ብለው በሩን ይዩት፤ እንደቆመ ነው። ጮኻለች ካለ ግን ልክ ነው፣ ጮኼያለሁ። "ኃላፊውን ከፈለግሽ በጽሑፍ አመልክቺ" ሲለኝ፣ "ነገ ጠዋት ማሽን የሚገባበት ሰው ዛሬ ጽፎ መቼ ሊነበብለት ነው?" ብዬ ጮኼያለሁ። እሱም "ትምህርትሽን ባታቋርጪ ኖሮ አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቂ ነበር" አለኝ። ይኸው ጻፍኩ። ትምህርት ቤቱን ከተውኩት ዓመት አልፎኛል፤ ለምን እንደተውኩት ሌላ አቤቱታ ይወጣዋል። መጻፉ ግን አልተወኝም።

ይህን የምጽፈው ከመንደራችን አዳራሽ ነው። ከኋላዬ እትዬ ናም ቆማለች፤ የመንደራችን ተጠሪ ናት። ኮምፒውተሩም ፋክሱም በእሷ ቁልፍ ሥር ስለሆኑ እሷ ያልወደደችው ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። "ምነው ጠብ ጀመርሽ፤ ክቡር ሆይ በይ እንጂ!" ብላ ትከሻዬን መታችኝ። ክቡር ሆይ፣ ወደ ነገሬ ልግባ።

1. ከመንደራችን በስተጀርባ ያለው ተረተር መሬቱ የወረዳው ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። በላዩ የበቀለው፣ ሥሩን የምንበላውና አፍልተን የምንጠጣው ዱንጉሌ ግን የመንደሩ ሰዎች ልፋት ነው። የአያቴ የአቶ ፒዮ ጃንግሶክ ማሳ ከሁሉም በላይ፣ ጫፉ ላይ ነው ያለው። እኔ የምኖረው ከእሳቸው ጋር ነው። ዱንጉሌ ደግሞ እንደ ጎመን ዛሬ ዘርተው በወሩ የሚቆርጡት አይደለም። ሥሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ በየዓመቱ አንዲት አንጓ ብቻ እየጨመረ ነው የሚሄደው። የቸኮለ ሰው የሚያገኘው የሕፃን ጣት የምታህል ነገር ነው። እኔ አውቶቡስ እንኳ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፣ እሱን ሥር ግን ጠብቄዋለሁ።

ቢሮዎ በበጋው ማስታወቂያ አወጣ። በፀረ-ኦክሲዳንት ይዘቱ የወረዳውን መለኪያ ያለፈ የመድኃኒት ተክል ማሳ እንደተጠበቀ ይቆያል፤ ያላለፈው ይጸዳና ከከተማ በመኪና ለሚመጡ ድንኳን ተካዮች ማረፊያ ይሆናል የሚል ነው። ማስታወቂያውን አልቃወምም። መለኪያ መኖሩ ደግ ነው። ችግሩ ፀረ-ኦክሲዳንት ምን እንደሆነ በመንደሩ የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር። እትዬ ናም የወረዳውን ወረቀት አንብባ፣ በመንደሩ ድምጽ ማጉያ "ሰውነት እንደ ብረት እንዳይዝግ የሚከላከል ነገር ነው" ብላ አስታወቀች። አያቴ በአጥር በኩል "እኔ የምዝገው የቱ ጋ ነው?" ብለው ጠየቋት። "ሲነሱ ጉልበትዎ ሲንቋቋ አይሰሙም?" አለቻቸው። "እሱ ዝገት አይደለም፣ ስድብ ነው፤ ጉልበቴ አንቺን ሲያይ ነው የሚሳደበው" አሉ። እንዲህ እየሳቅን ነው ናሙና የሰጠነው።

2. ውጤቱ ትናንት መጣ። "የኡንጎክ ዱንጉሌ፤ የፀረ-ኦክሲዳንት ይዘት እጅግ ዝቅተኛ፤ መለኪያውን አያሟላም" ይላል። የሁሉም ቤት ውጤት አንድ ነው። ከሥሩ ደግሞ ተረተሩን የማጽዳቱ ሥራ ሐሙስ ጠዋት ይጀመራል ይላል። ወረቀቱ ማክሰኞ ደረሰ፣ ማሽኑ ሐሙስ ይደርሳል። በመካከል ያለችን ቀን ይቺ የዛሬዋ ናት፤ እሷም እየመሸች ነው።

አያቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አጥፈው ከሬዲዮናቸው ሥር አስቀመጡት። እራት ላይ ዓሣውን በማንኪያቸው ወዲያ ወዲህ ገፉት።

"ምነው አባባ?" አልኳቸው።

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ዓሣውን ለምን አይበሉም?"

"አጥንት አለው።"

አጥንት የሌለው ዓሣ መቼ በልተው እንደሚያውቁ አልጠየቅኳቸውም። ሳህኑን ላነሳ ስል እንደ መናገርም እንደ ማሰብም አድርገው፣ "ሴት አያትሽ የመጨረሻውን ክረምት ዱንጉሌውን ነው የጠጣችው" አሉ። "ሐኪም ቤት የሰጧትን ስትተፋ፣ የኔን ግን እስከ አተላው ትጨርስ ነበር። ሰውነቴን ሞቅ ያደርገኛል ትለኝ ነበር። ታዲያ ባለቀለም ውሃ ነው እንዴ ያጠጣኋት?"

ክቡር ሆይ፣ እኔ ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ። መምህሮቼን ይጠይቋቸው። የዚህችን መልስ ግን ፍለጋ መሄድ ነበረብኝ። ጠዋት ገና እሳቸው ፊታቸውን ሳይታጠቡ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

3. የሄድኩት መጀመሪያ ወደ እርስዎ ሳይሆን ወደ ምርመራ ክፍሉ ነው። አቶ ሶክ የሚባሉት ባለሙያ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ያዝኳቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ "ይህ ውሸት ነው" አልኳቸው። ይህን ስል ጨዋ አልነበርኩም። እሳቸው ግን ጨዋ ነበሩ። "ውሸት ከሆነ እንየዋ" ብለው ከመደርደሪያ ላይ የተረፈውን ናሙና አወረዱልኝ።

ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደሜ ፈላ።

ነጭ ነው። ጥርት ያለ፣ የተላጠ፣ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነጭ። የኛን ቤት ናሙና በአቆራረጡ አወቅኩት፤ አያቴ ነጩን ጫፉን አሹለው ነው የሚቆርጡት።

እዚህ ላይ ላስረዳዎት፤ የወረዳው ሰው ስለሆኑ ግማሹን ያውቁት ይሆናል። በእኛ መንደር ዱንጉሌ ሁለት ዓይነት ይዘጋጃል። ሕያው ሰው የሚበላው ጥቁሩን ነው። ሥሩ በትልቁ ብረት ድስት በእንፋሎት ይበስላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይበስላል፣ ተመልሶ ይሰጣል፤ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ጊዜ። መሐል ላይ ዝናብ ከመጣ ልብስ ጥለን ዱንጉሌ ነው የምናነሳው። ሲያልቅ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ይሆናል። ጣዕሙ እንደ ቴምር ነው፤ መልኩን ግን እውነቱን ልናገር፣ ውሻ ያኘከው ድንች ነው።

ነጩ ደግሞ ለሙታን ነው። ልጣጩ ይነሳል፣ በሩዝ እጣቢ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ እንዲነጣ እጣቢው እየተለወጠ ይታጠባል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል። ከዚያ በመኸር በዓል ለቅድመ አያቶች በሚቀርበው ማዕድ ላይ እንደ ማማ ተደርድሮ ይቀመጣል። ለማየት ነው። ማንም አይቀምሰውም። ቅድመ አያቶቻችን ናቸው የሚበሉት፣ እነሱም እስከ ዛሬ ቅሬታ አላቀረቡም።

እንግዲህ ወይዘሪት ዮም ከቢሮዎ ናሙና ልትወስድ የመጣችው በዓሉ ሊገባ ሲል ነበር። እትዬ ናም ከፊቷ እየቀደመች በየቤቱ "የወረዳ ሰው መጥታለች፣ አንገት የማያስደፋውን አውጡ!" ስትል ነበር። ("ይህን አትጻፊ" እያለችኝ ነው። ጽፌዋለሁ።) ለወረዳ ሰው ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር በከረጢት ማሸከም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አያቴ ለበዓሉ ያስቀመጡትን ነጩን አውጥተው፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ጎረቤታችን ያንን አየች፤ "ጋሽ ፒዮ ነጩን ሰጥተው እኔ ከሰል ሰጥቼ ልዋረድ?" ብላ የራሷን ነጭ አመጣች። የእሷን የታችኛው ቤት አየ። እንዲህ እያለ እስከ ወንዙ ድረስ ወረደ። እኔ ያን ቀን ተራራ ላይ ደረት የሚያህል እንጨት ተሸክሜ ነበር። ቤት ብኖር ኖሮ እጮህ ነበር፤ ለአንዴ እንኳ ጩኸቴ ይጠቅም ነበር።

ማለትም፣ ክቡር ሆይ፣ መንደሩ ቢሮዎን ከቅድመ አያቶቹ ጋር አንድ ማዕድ አስቀመጠው። ልናታልል አይደለም። ከዚህ በላይ የምንሰጠው ክብር ስለሌለን ነው። ወይዘሪት ዮም ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣች ልጅ ናት፣ ዱንጉሌ ምን መልክ እንዳለው ከየት ታውቃለች? የሰጧትን ወሰደች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። አቶ ሶክም የመጣላቸውን መረመሩ። ያገኙትም ልክ ነው። ነጩ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም።

4. ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቁር ዱንጉሌ አለ። ሌላው ማስቲካ እንደሚያኝከው እኔ እሱን ነው የማኝከው። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኩት።

አቶ ሶክ በብዕራቸው ጫፍ ነካ አድርገው "ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ።

"ዱንጉሌ።"

"ዱንጉሌ ይህን አይመስልም።"

"እርስዎ የመረመሩት ነው ዱንጉሌ የማይመስለው። እስቲ ይቅመሱት።"

"ምርመራ ክፍል ውስጥ አይበላም" አሉ። ካዩኝ በኋላ ግን ፈገግ አሉ። ቆርሰው ፈጩት፣ ዘፈዘፉት፣ አጠለሉት፤ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ስል ሦስት ጊዜ "ተቀመጪ" አሉኝ። ከዚያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውሃ ሁለት ብልቃጥ ውስጥ ቀዱ። በአንዱ የነጩን ጭማቂ ጠብ አደረጉበት፣ በሌላው የጥቁሩን። የነጩ ብልቃጥ እንደነበረ ቀረ። የጥቁሩ ግን እያየሁት ገረጣ፣ ገረጣ፣ ቢጫ ሆነ።

"አየሽ፣" አሉኝ፣ "ወይን ጠጁ ውሃ ውስጥ ያለው ነገር ጠበኛ ነው። የጎደለው ነገር ስላለ ካገኘው ሁሉ ሊነጥቅ ይዞራል። ሰውነታችን ውስጥም እንደሱ ያሉ አሉ። ፀረ-ኦክሲዳንት የምንለው 'እንካ፣ ከኔ ውሰድ፣ ተረጋጋ' የሚለው ነው። ሲረጋጋ ቀለሙ ይለቃል።"

"እንደኔ ነዋ፣ ጠበኛው" አልኳቸው።

"እንዳንቺ ነው" አሉ፣ ሳያመነቱ። ገና ከተዋወቅን አንድ ሻይ የሚፈላበት ጊዜ እንኳ አልሆነንም ነበር።

ለምን ጥቁሩ እንዲህ እንደሆነም ነገሩኝ። ሥሩ ሲበስልና ሲደርቅ ሲደጋገም ስኳሩ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ድስት ሥር የያዘ ሩዝ ቀለሙም ሽታውም እንደሚለወጠው። በዚያ መጥቆር ውስጥ ነው መጀመሪያ ያልነበረው ነገር የሚፈጠረው። ነጩ ግን ያንን አላገኘም፤ የነበረችውንም ጥቂት ነገር ከልጣጩና ከሩዝ እጣቢው ጋር ደፍተናታል። አቶ ሶክ "እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ የመጣልኝ ነጭ ስለሆነ ሥሩ እንዲያ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት" አሉኝ። እንዲህ ብሎ የሚናገር አዋቂ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቁኝ። "ይህ በሽታ ያድናል ማለት አይደለም። ብልቃጥ ብልቃጥ ነው፣ ሰው ሰው ነው። እንዳታጋንኚ" አሉኝ። አላጋንንም። ሴት አያቴን አላዳናትም፤ እኔው ራሴ እጇን ይዤ ነበር። ግን ባለቀለም ውሃ አልነበረም። አያቴ እንዲሰሙልኝ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው።

"እሺ፣ ይህንኑ በወረቀት ይጻፉልኝ" አልኳቸው።

"አልችልም" አሉ።

"ለምን? ሁለታችንም አይተነዋል!"

"ከኪስሽ ነው የወጣው። የሚመዘገበው የወረዳው ሠራተኛ ከማሳው ባለቤት ቤት በራሱ እጅ ወስዶ ያሸገው ናሙና ብቻ ነው።"

እዚያው ተናድጄ ነበር። መውጫው ላይ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ሰው ሁሉ ከኪሱ ያለውን እያወጣ ይመርመርልኝ ካለ ወረዳው የጎመን ዘርና የአዝራር መመርመሪያ ይሆናል። "ኃላፊው ከፈቀዱ ዛሬውኑ ወይዘሪት ዮም ሄዳ ትወስዳለች፤ እኔም ተቀብዬ እመረምራለሁ" አሉኝ። ወደ እርስዎ በር የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። የቀረውን ያውቁታል።

5. ምሳ ሰዓት ቤት ደርሼ ለአያቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ወፍ እየዘለልኩ፣ ወይን ጠጁ ቢጫ ሆነ፣ ጥቁሩ ነው እንጂ ነጩ አይደለም፣ እያልኩ። ሰሙኝ። ከዚያ "ምርመራ ክፍሉ ወረቀት ጽፏል፤ አንቺ ምን ጽፈሻል?" አሉኝ።

"አባባ፣ የጻፉት ስለ ነጩ ነው!"

"ሥር ሥር ነው። የምናበስለው እንዲጣፍጥና ጉሮሮ እንዳይከረክር ነው። አባቴም ያለኝ ይህንኑ ነው። እሳት ምን ይጨምርበታል?"

በእውነትም መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ዘጠኝ ጊዜ የሚያበስሉት ለጉሮሮ ብለው ነው። ማንም ሰው ጥቁረቱ ራሱ ቁም ነገር ነው ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ያፍሩበታል። ደግሞ እኔ ስናገር እሳቸው የሚሰሙት ጩኸት ነው። ወረቀት ሲናገር ግን የሚሰሙት መንግሥትን ነው። ስለዚህ የምጠይቀው

ይቅርታ፤ እትዬ ናም ከመስኮቱ "ነይ ቶሎ!" ብላ ጠራችኝ። አንድ ጊዜ።

ተመልሻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ተለውጧል። ከላይ "ነገ ጠዋት" እያልኩ የጻፍኩትን ሁሉ እንደ ዱሮ ወሬ ይቁጠሩት። ማጥፋት እችል ነበር፣ ጊዜ የለኝም።

አያቴ ዶማ ይዘው ተረተሩ ላይ ናቸው። የራሳቸውን ማሳ ራሳቸው እየነቀሉት ነው።

ሮጬ ወጣሁ። ከታችኛው ጠርዝ ጀምረው ወደ ላይ እየሄዱ ነው። የተነቀለው ከኋላቸው ተሰልፏል፣ አፈሩ እንኳ ተራግፎለታል። ሲነቅሉ ደግሞ በአውራ ጣታቸው የቡቃያዋን ዓይን ሰበር ያደርጓታል፤ ዓይኗ ከተሰበረች ሥሩ ተመልሶ ቢተከልም አይበቅልም።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው?"

"እያነሳሁት።"

"ማሽኑ እኮ ነገ ነው የሚመጣው!"

"ለዚያ ነዋ። ማሽኑን የሚነዳው የሰው ልጅ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ላይ ንዳ ብለው ልከውት፣ እኔ ቤቴ ተኝቼ ልጠብቀው? የማይረባ ነገር ያበቀልኩት እኔ፣ የማነሳውም እኔ።"

"ዓይኗን ለምን ይሰብሯታል ታዲያ?"

"ዳግመኛ በቅላ ድንኳን ሥር እንዳትታፈን።"

ዶማውን ያዝኩት። እሳቸውም አልለቀቁም። ወዲያ ሲስቡ ወዲህ ስስብ፣ "ልቀቂ አንቺ ልጅ!" "አልለቅም!" ስንባባል፣ ድንገት ፊታቸውን ኮስተር አድርገው "ሱሪሽ ከኋላ ተቀዷል" አሉኝ። ዞር ብዬ አየሁ። አልተቀደደም። ቀና ስል ዶማው እሳቸው እጅ ነው። ሰማንያ የሞላቸው ሰው ናቸው እኮ! ሌላ ቀን ቢሆን ለመንደሩ ሁሉ እያወራሁ እስቅበት ነበር። ዛሬ ግን እሳቸውም አልሳቁም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቀጠሉ፤ ጆሯቸው ሥር እርጥብ ነበር፣ ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም።

እትዬ ናም ወደ አዳራሹ ሮጣ ድምጽ ማጉያውን ከፈተች። "ጋሽ ፒዮ፣ በመንደሩ ስም እለምንዎታለሁ፣ ዶማዎን ያስቀምጡ! ደግሞ ጉንፋን ይዞዎታል!" ብላ ለፈፈች። ተራራው መልሶ ጮኸላት። እሳቸው አልመለሱም። ከታችኛው ቤት ሰዎች ወጥተው ቆመው ያያሉ፤ ማንም አይጠጋም። እንዴት ይጠጉ? ሁሉም ያው ወረቀት ቤታቸው አለ።

ከማሳው ሁሉ የላይኛው መደዳ ብቻ ቢተርፍ ይበቃኛል። እዚያ ያሉት እናቶች ናቸው። ሴት አያቴ ሙሽራ ሆና ወደዚህ መንደር ስትመጣ ከእናቷ ጓሮ ነቅላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣቻቸው ናቸው፤ የመንደሩ ዱንጉሌ ሁሉ ከእነሱ አንጓ እየተቆረጠ ነው የተተከለው። ታችኛው ቢነቀል ከእነሱ እንደገና ይጀመራል። እነሱ ዓይናቸው ከተሰበረ ግን የሚጀመርበት የለም። አያቴም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ለመጨረሻ ያስቀሯቸው። አካሄዳቸውን አይቻለሁ፤ ፀሐይ ከማዶው ተራራ ጀርባ ስትገባ እዚያ ይደርሳሉ።

6. ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው እንደሚከተለው ነው። እትዬ ናም "በቁጥር አድርጊው፣ ኃላፊ ቁጥር ይወዳል" ብላኛለች፣ ግን ቁጥር የሚያስፈልገው ነገር አልቀረኝም።

የማሽኑ መምጣት እንዲዘገይ ይዘዙልን። ወይዘሪት ዮም ትምጣና ከየቤቱ ጥቁሩን በራሷ እጅ ወስዳ ትሸግ፤ እትዬ ናም በዚህ ጊዜ ነጩን የሚያወጣ ቤት ካለ በድምጽ ማጉያ ስሙን እጠራለሁ ብላ ምላለች። አቶ ሶክ ይመርምሩት። ካላለፈ አላለፈም፤ ያኔ ዶማውን እኔው ስዬ ለአያቴ አቀብላለሁ፣ ቃሌ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ነገም ይደርሳል። ዛሬ የምፈልገው አንድ ስልክ ነው። ለእኔ አይደለም፣ ለአያቴ። ቁጥራቸውን እትዬ ናም በዚህ ወረቀት ራስጌ ላይ በወፍራም ብዕር ትጽፈዋለች። ስልኩ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ተረተሩ ላይ መስመር ይይዛል፣ ሞክሬዋለሁ። እኔ ስደውል አይተው መልሰው ከተቱት። የእርስዎን ግን ያነሳሉ። የመንግሥት ቢሮ ሲደውልላቸው አያቴ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚያናግሩት። ሁለቱም እጅ ስልክ ከያዘ ደግሞ ዶማ የሚይዝ እጅ አይኖርም።

ያልፋል ይበሏቸው አላልኩም። ይቅርታም አይጠይቋቸው፣ ይደነግጣሉ። "አቶ ፒዮ፣ የመረመርነው ነጩን ነው፤ ለባለቤትዎ ይሰጧት የነበረውን ጥቁሩን ገና አልመረመርነውም፤ እስክንመረምረው ከላይኛው መደዳ እንዳይነኩ" ይበሏቸው። በቃ። ይህችን ለመናገር ሻይዎ እንኳ አይቀዘቅዝም።

አሁን ከመስኮቱ ሳይ የተረተሩን ወገብ አልፈዋል። ጥላው ከኋላቸው እየወጣ ነው። ጥበቃዎ ስሜን ሰምቶ ይህን ወረቀት ከሌላው ሥር ቢያስቀምጠው እንኳ እርስዎ ያውጡት፤ በእኔ ይቆጡ፣ በሩንም ላስጠግን፣ ጠዋት መጥቼ እቆምልዎታለሁ። ብቻ ሳይመሽ ይደውሉላቸው።

ስልክዎን ቆሜ እየጠበቅኩ፣ ከአክብሮትና ከችኮላ ሰላምታ ጋር፣

ፒዮ ዳሶም
(ፊርማ)